«እኔማ አግዝ ነበር»

እማማን ያወቅኋቸው ከእግራቸው ጀምሬ ነው። አንድ ጠዋት ካልሲ ላጠልቅላቸው ተንበርክኬ ሳይ፣ ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት የለም።

«ምን ሆነው ነው?»

«ብርድ። የ1947ቱ።»

የዚያ ዓመት ክረምት እስካሁን በካናዳዋ ክፍለ ሀገር በሳስካችዋን ይወራል። የበረዶው ማዕበል ለቀናት አላባራ ብሎ ባቡሮች ሳይቀሩ ሐዲዳቸው ላይ ተቀብረው ነበር።

«በዚያ ብርድ ምን ሊያደርጉ ወጡ?»

«ላሞቹ መታለብ አለባቸው እኮ።»

«ባለቤትዎስ?»

«ታሞ ተኝቶ ነበር። አገዝኩት።»

ሁለት ጣት ሄዶ «አገዝኩት»! እሳቸው በእንግሊዝኛ ነው ያሉት፤ እኔ ግን በአማርኛ ነው የሰማሁት። እናቴም የምትለው ይህንኑ ነውና።

ያኔ ካናዳ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2014። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። የኛ ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ።) የምሠራው በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሥራው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ ነው። የከተማዋንም የሳቸውንም ስም አልጠራም። በልቤ «እማማ» እላቸው ስለነበር እዚህም እማማ ናቸው። አንድ ቀን አምልጦኝ ጮክ ብዬ ጠራኋቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። «አራት ወልጄ አምስተኛዋ ከአፍሪካ መጣች» ብለው ሳቁ።

አገሩን ለማያውቅ ልንገረው። ፕሬሪ ሜዳ ነው፤ ግን እኛ ሜዳ የምንለው ዓይነት አይደለም። ማኒቶባን፣ ሳስካችዋንን፣ አልቤርታን ይዞ የሚሄድ፣ ዳርቻው የማይታይ የስንዴ አገር ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ዞር ባልኩበት ሁሉ ተራራ እያየሁ ነው ያደግሁት። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ዓይኔ የሚያርፍበት እያጣ ራሴን ያዞረኝ ነበር።

መሬቱን መንግሥት ያደለው በ1872 ባወጣው ሕግ ነው። 10 ዶላር ለመዝገብ ከፍለህ 160 ኤከር ትወስዳለህ። ወደ 65 ሄክታር ነው፤ በኛ ጥማድ ከ250 ይበልጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ ጎጆ ከቀለስክ፣ መሬቱን አርሰህ ከኖርክበት ያንተ ነው። «ትወስዳለህ» ያልኩት አውቄ ነው። ሴት ልጅ፣ ባሏ የሞተባትና ቤተሰብ የምታስተዳድር ካልሆነች በቀር፣ አይሰጣትም ነበር።

መሬቱ ባዶም አልነበረም። ክሪዎችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ነበሩበት። በ1874 እና በ1876 በተፈረሙት ስምምነት 4 እና ስምምነት 6 በሚባሉ ውሎች ወደ ተከለለ ቦታ ተገፉ። እማማ ስለዚህ ብዙ አያወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ «አሥር ማይል ራቅ ብለው ነበሩ። ለመከር እራታችን ጠርተናቸው አናውቅም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም አልገፋኋቸውም። አሁን ሳስበው መጠየቅ ነበረብኝ።

የተወለዱት በ1922 ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ገበያው ወደቀ፤ ተከትሎ ዝናቡ ቀረ። ከአንድ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረ ቡሼል ስንዴ (27 ኪሎ ገደማ ነው) በ1932 ከ40 ሳንቲም በታች ወረደ። አፈሩ እየተነሳ ቀኑን ያጨልመዋል። እናታቸው ሳህኑን ገበታው ላይ ገልብጠው ነበር የሚያስቀምጡት፤ ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ አቧራ እንዳይሞላው። ቤንዚን መግዛት ያቃተው ሰው የመኪናውን ሞተር አውጥቶ በፈረስ ያስጎትተው ነበር። ይህንንም በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር በሪቻርድ ቤኔት ስም «የቤኔት ጋሪ» አሉት። መሪ እንዲህም ይታወሳል።

ርዳታም በልተዋል። ከምሥራቁ ጠረፍ በባቡር ጨው የተነከረ የደረቀ ዓሣ ይላክላቸው ነበር። ባሕር አይቶ የማያውቅ ገበሬ የዓሣ አሠራር ከየት ይምጣለት? ጨዉ እንዲወጣ ደጋግሞ መዘፍዘፍ እንዳለበት የነገራቸው የለም። «እናቴ እንዳለ ቀቀለችው። የጫማ ሶል ይመስል ነበር። ሶሉ ይሻል ነበር» እያሉ ይስቃሉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «ዓሣውን ለመቀበል የተሰለፍን ዕለት እናቴ ያደረገችው ፊት አለ። ከዚያ በፊትም በኋላም ያንን ፊት አይቼባት አላውቅም።»

ከዚያ ቀጥለው «አንቺ የኢትዮጵያ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። «በ1984 ዜናው ሲመጣ ወጥ ቤት ነበርኩ። ዞር ስል ቴሌቪዥኑ ላይ ያንን ፊት አየሁት።»

እኔ በኛ አቆጣጠር የ77 ልጅ ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ ማለቴ ነው። ስለዚያ ዓመት እዚህ አልጽፍም። ወሎ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ያልነበረ ደግሞ ምስሉን አይቷል። እማማ ያደረጉትን ግን ልጻፍ። ዊኒፔግ ላይ በ1983 የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች ተሰባስበው ያቋቋሙት የካናዳ የእህል ባንክ የሚባል ድርጅት አለ። ገበሬው ስንዴውን ወደ ከተማው የእህል ማከማቻ ማማ ያመጣል፤ «ይህን ያህሉ ለነሱ» ብሎ ያስመዘግባል። ዓመቱ ለደቡብ ሳስካችዋንም ድርቅ ነበር። በቤተ ክርስቲያናቸው ስብሰባ ወንዶቹ «ዘንድሮ እኛም አልያዝንም» አሉ። እማማ ጸሐፊ ስለነበሩ ቃለ ጉባኤ እየጻፉ ነው የሰሙት። በማግስቱ ፒክ አፕ መኪናቸውን አስነስተው ቤት ለቤት ዞሩ። ከባሎቹ ጋር አይደለም ያወሩት፤ ከሚስቶቹ ጋር ነው። ቀጥለው ደግሞ ፓይ (ፍሬ የሚሞላበት የተጋገረ ቂጣ) ጋግረው ጨረታ አወጡ። አንድ ፓይ በስንት እንደተሸጠ ቢነግሩኝም አላመንኳቸውም።

«ስንት ኩንታል ሰበሰቡ?»

«እኔማ አግዝ ነበር። የሰጡት ገበሬዎቹ ናቸው።»

ቀጥለው እጄን ያዙኝና «ደረሰ?» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎ!

ቤታችን ቀይ ቅጠል የታተመበት ጆንያ ነበር። ስንዴው ካለቀ በኋላ እናቴ ተርትራ የጓዳ መጋረጃ አድርጋው ለዓመታት ተሰቅሎ ኖሯል። ከማን እርሻ እንደመጣ አላውቅም። «ደርሷል» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሻያቸውን አነሱ።

ወደ ትዳራቸው ልመለስ። በ1943 አገቡ። ኮምባይነር ገና አልተስፋፋም፤ ስንዴ የሚወቃው በትልቅ መውቂያ ማሽን ነው። እንደኛ ደቦ ጎረቤት ከጎረቤት እየተዟዟረ ይሠራል። አሥራ አምስትና ሃያ ወንድ ሲመጣ በቀን አምስት ጊዜ ይበላል። ቁርስ አለ፣ የረፋድ አለ፣ ምሳ አለ፣ የአሥር ሰዓት አለ፣ እራት አለ። በእንጨት ምድጃ፣ ያለ መብራት፣ ውሃ ከጉድጓድ እየተቀዳ። በየመሃሉ ወተት ይታለባል፣ ዶሮ ይመገባል፣ ልጅ ይጠባል። የቅቤውና የእንቁላሉ ገንዘብ የሴቷ ነው፤ ጨው፣ ስኳር፣ የልጆች ጫማ የሚገዛው በሱ ነው። ስንዴው ሲከስር ቤቱን ያቆየው ይኸው የእንቁላል ሳንቲም ነበር። ኋላ ትራክተርም ኮምባይነርም ነድተዋል። ይህንን ሁሉ ዘርዝረው ማሰሪያው ምን ይሆናል? «አግዘው ነበር።»

ቃሏ ቀላል ትመስላለች፤ ፍርድ ቤት ስትገባ ግን ከበደች። አልቤርታ ውስጥ አይሪን መርዶክ የምትባል የከብት አርቢ ሚስት ነበረች። ባሏ በዓመት አምስት ወር ያህል ሌላ ሥራ ላይ ነው። እሷ ሣር ታጭዳለች፣ መኪና ትነዳለች፣ ከብት ትነዳለች፣ ቀንድ ትቆርጣለች፣ ትከትባለች። ሃያ አምስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ተለያዩና ከመሬቱ ድርሻዬን አለች። በ1973 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ አይገባሽም አላት። ከአምስቱ ዳኞች የተቃወሙት ቦራ ላስኪን ብቻ ነበሩ። የሥር ፍርድ ቤቱ አስተያየት የነበረው፣ የሠራችው ማንኛዋም የከብት አርቢ ሚስት የምትሠራውን ነው የሚል ነው። ሁሉም ሴቶች ስለሚሠሩት ዋጋ የለውም እንደማለት! የፕሬሪ ሴቶች በቁጣ ተነሱ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ክፍለ ሀገሮቹ የጋብቻ ንብረት ሕጋቸውን ቀየሩ።

እማማ ፍርዱን በሬዲዮ ሲሰሙ ሊጥ እያቦኩ ነበር። «ባሌ ጥሩ ሰው ነበር። ግን የዚያን ቀን ማታ አላወራሁትም» አሉኝ። ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ሁለት ቀን ከርሟል አሉ።

መንግሥትም ቢሆን በአንድ እርሻ ላይ ከአንድ ሰው በላይ ገበሬ መቁጠር የጀመረው በ1991 ነው። በዚያው ዓመት ሳስካቱን ከተማ ውስጥ አንዲት የቤት እመቤት የሕዝብ ቆጠራ ቅጹን አልሞላም ብላ አስቸገረች፤ ልጆቿን ማሳደጓን ሥራ ብሎ አይቆጥርማ። በ1996ቱ ቆጠራ ያለ ክፍያ የሚሠራ የቤት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀ። በ2011 ጥያቄው መልሶ ቀረ። ምክንያቱ እንኳን ለእኔ ለእማማም አልገባቸውም።

ከእርሻው ውጪ ያለው ሕይወታቸው የመንደሩ ነው። ስልክ ልጀምር። በዚያ ዘመን በአንድ መስመር ላይ አሥር አሥራ ሁለት ቤት ይንጠለጠል ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጥሪ አለው፤ ሁለት ረጅም አንድ አጭር፣ እንዲህ እንዲህ። የሰው ወሬ ሰምቶ ዝም ማለት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር ይላሉ። አንድ ረጅም ጥሪ ከጮኸ ግን የሁሉም ነው። እሳት ተነስቷል፣ ልጅ ጠፍቷል፣ ሰው ሞቷል። የእድር ጡሩምባ በሉት። ያቺ ጥሪ ስትጮህ እማማ መጀመሪያ ምድጃ ላይ ያለውን ያወርዳሉ፤ ከዚያ ካፖርታቸውን ይለብሳሉ። «ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። ስመለስ ቤቱ ተቃጥሎ ቢጠብቀኝስ?»

መከር ሲያልቅ በየመንደሩ ትልቅ እራት ይደረጋል። ተርኪ፣ የተፈጨ ድንች፣ የጎመን ጥቅልል፣ በመጨረሻ ፓይ። የሩቅም የቅርብም ሰው ከፍሎ ይበላል፤ ገቢው ለመንደሩ ነው። «የአዳራሹ ጣሪያ የተሠራው በፓይ ነው» ይሉኝ ነበር። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው የገንቢ ኮሚቴ ፎቶ ግን ስድስት ወንዶች ናቸው። የፓይ ቂጣ አሠራር ሊያስተምሩኝ ሞክረዋል። በአሳማ ስብ ካልሆነ አይሆንም አሉ። እኔ ደግሞ አሳማ አልበላም። በቅቤ ሠራነውና ቀምሰው «መጥፎ አይደለም» አሉ። የፕሬሪ ሰው «መጥፎ አይደለም» ካለ ትልቅ ምስጋና ነው። የዚያን ቀኑ ግን ምስጋና አልነበረም።

ሰው ሲሞት ደግሞ ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይወርዳሉ። እኛ ንፍሮ እንደምንቀቅለው፣ እነሱ ሳንዱች ይቆርጣሉ። የእንቁላል አለ፣ የሥጋ አለ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የተቀመጠ ዱባ የሚመስል ነገር አለ። በቴምር የሚሠራ ኬክም አይጠፋም፤ «የጋብቻ ኬክ» ይሉታል፤ ለምን ቀብር ላይ እንደሚቀርብ አትጠይቁኝ። እማማ ይህን ስልሳ ዓመት ሠርተዋል። በ1962 የሕክምና መድን ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ሐኪሞቹ ለ23 ቀን ሥራ ያቆሙ ጊዜ መንደሩ ለሁለት ተከፍሎ ሰው ሰላምታ ሲከለካከል፣ አንድ ቀብር ላይ ሁለቱንም ወገን በአንድ ማንቆርቆሪያ ቡና አጠጥተዋል። «የሞተውን ወደውት ነው የመጡት። እኔም በአንድ ማንቆርቆሪያ አፈላሁ፤ ሁለተኛውን ደብቄ።» እሳቸው ራሳቸው የሕጉ ደጋፊ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ቤት ውስጥ በጎረቤት እጅ ወልደው ሞተው ተርፈዋል። ሁለተኛውን በ1947 ሆስፒታል ወለዱ፤ የሆስፒታል መድን የጀመረበት ዓመት ነው፤ በዓመት ለአንድ ሰው 5 ዶላር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በዚህ ሁሉ ድግስ ብዙ ሳህንና ድስት ስለሚደባለቅ፣ ሴቶቹ ከዕቃቸው ሥር ፕላስተር ለጥፈው ስም ይጽፋሉ። እማማ ክፍላቸው ውስጥ አንድ የፓይ መጋገሪያ አስቀምጠው ነበር። ገልብጬ አየሁት። «ሚስስ» ይላል፤ ከዚያ የባላቸው ስም ከነአባቱ። የሳቸው ስም የለም።

በ1980 ሳስካችዋን 75 ዓመት ሲሞላት መንደሮች የየራሳቸውን ታሪክ መጽሐፍ አዘጋጁ። ከያንዳንዱ ቤት ታሪክና ፎቶ ይሰበሰባል። እማማ ሦስት ዓመት ለፍተውበታል፤ ለምነዋል፣ ተይበዋል፣ ፎቶ ለይተዋል። መጽሐፉ ከባድ ነው፤ ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር የማነብላቸው። ውስጡ የሳቸው ፎቶ አለ፤ ሥሩ ያው «ሚስስ» እና የባላቸው ስም። የጻፉት ራሳቸው ናቸው! «ያኔ እንደዚያ ነበር የሚጻፈው» አሉ።

እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟ አይቀየርም አልኳቸው። አላመኑኝም። ስልኬን አውጥቼ የእናቴን የመሬት ይዞታ ደብተር ፎቶ አሳየኋቸው። በአማራ ክልል በኛ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሲሰጥ የነበረው ነው፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን አለበት። እናቴ ለፎቶው ብላ አዲስ ነጠላ ለብሳለች፤ ፊቷ ግን ሊያስሯት የመጡ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ደብተሩ ብዙ አልለወጣትም። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው አሁንም ወንድ ነው፤ «ገበሬው ማነው?» ሲባል የሚጠራው አባቴ ነው። እሷ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ «አግዘዋለሁ» ትላለች። ደብተሩን ግን ሣጥን ውስጥ ከወርቋ ጋር ነው የምትቆልፍበት።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ የራሷ ስም ነው?»

«የራሷ። ከኋላው ያለው የአባቷ ነው።»

«በስንት ዓመቷ ነው ይህንን ያገኘችው?»

«በሃምሳ ሁለት።»

«እኔ በስልሳ ስድስት» አሉ። እርሻውን ለልጃቸው ሰጥተው ከተማ ሲገቡ፣ በ1988፣ ለግብር ይሻላል ብሎ ጠበቃው ነው ስማቸውን ሰነዱ ላይ ያስገባው። ከሦስት ወር በኋላ ለልጁ ተዛወረ። ሦስት ወር የመሬት ባለቤት ነበሩ። ይህንን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

በ2018 ጥቅምት ላይ ዐረፉ፤ የመከር እራቱ ሰሞን። ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነበር። የዚያን ሌሊት ተረኛ አልነበርኩም። ጠዋት ስገባ አልጋቸው ተነጥፏል። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ይገባበታል።

ለቀብሩ ባዶ እጄን መሄድ አልሆንልሽ አለኝና ሌሊት ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ኮባ የለም፤ በብራና ወረቀት ሸፍኜ በኦቨን ነው። ቄሱ ስለሳቸው ሲናገሩ «ታማኝ ሚስት፣ ሁልጊዜ ለማገዝ ዝግጁ» አሉ። እኔ አጠገብ የተቀመጡ አሮጊት በአፍንጫቸው እፍ አሉ። ወደድኳቸው።

ምድር ቤት ስወርድ ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ትንሿ ሰባ ዓመት ያለፋት። ወጣቱ ሁሉ ሳስካቱንና ካልጋሪ ነው። አንዷ ዳቦዬን ተቀብላ አሸተተችው፤ ሌላዋ ምንም ሳትል ሽርጥ አቀበለችኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳህን አጠብኩ። ሳንዱቹ ይበቃል አይበቃም ብለው ተጨቃጨቁ፤ ተረፈ። ድፎው ግን ፍርፋሪም አልቀረው። ልወጣ ስል በአፍንጫቸው እፍ ያሉት አሮጊት ባዶ መጋገሪያዬን ገልብጠው አዩና ጠሩኝ።

«ስምሽ የታል? እንዲህማ አይሆንም፣ ይጠፋብሻል» አሉና ከመሳቢያ ፕላስተርና እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ።